ዝምታውን እለፍ

ቀንድ አውጣ የሚለውን ስም ያወጡለት አባቱ ናቸው፤ ቤቱን ተሸክሞ ይዞራል ብለው። ሲያወጡለት ለሽሙጥ ነበር፤ እሱ ግን «ቀንድ አውጣም እንደኔው አከራይ የለበትም» ብሎ ሳቀና ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ እህቱም፣ የአባቱ ጎረቤትም፣ እሱም ራሱ ሌላ ስም ያለው አይመስላቸውም።

ቤቱ የዳቦ መኪና ናት። ዳቦ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ለአሥራ ሁለት ዓመት ሾፌሯ ነበር፤ ሲዘጋ ደግሞ ባለቤቱ በካሳ መልክ እሷኑ ሰጠው። የዳቦ መደርደሪያዎቹን ነቃቅሎ ጠባብ አልጋና ከግድግዳ የሚዘረጋ ጠረጴዛ ሠራባት፤ ጣሪያዋ ላይ የፀሐይ ኃይል የሚሰበስብ ሰሌዳ ሰቀለ፤ ከበሩ አጠገብ ቡታጋዝና የውሃ ጀሪካን አቆመ። በሯ አንዴ ሲዘጉት አይዘጋም፤ ሁለተኛውን መደለቅ ይፈልጋል። ፀሐይ ቆርቆሮዋን ስታግለው ደግሞ እስከ ዛሬ ዳቦ ዳቦ ትሸታለች፤ ምሳውን ላልበላ ሰው እዚያ ውስጥ መቀመጥ ፈተና ነው።

እንጀራው መስማት ነው። በኢንተርኔት የሚላክለትን የተቀዳ ንግግር እያዳመጠ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ፣ የመምህራን ትምህርት፣ ተመራማሪዎች ያደረጉት ቃለ መጠይቅ፣ የመጣውን ሁሉ። ማንም አላስተማረውም። በሁለት ጣት ጀምሮ በአሥሩም መጻፍ ደረሰ። ከጠረጴዛው ሥር ፔዳል አለ፤ ሲረግጠው ድምፁ ይሄዳል፣ ሲለቀው ይቆማል። «ያው ነዳጅ ነው፤ እኔ መቼ ሾፌርነት ተውኩ?» ይላል። የሚቆምበትን ቦታ የሚመርጠውም ለእይታ ብሎ ሳይሆን ስልኩን ሽቅብ አንስቶ የኔትወርኩን መስመር እየቆጠረ ነው። አንድ ጊዜ አራቱም መስመር የሞላለት ከአንድ የመቃብር ስፍራ አጥር ሥር ብቻ ሆነና ሳምንት እዚያው ከረመ። እንደዚያ ያለ ጸጥተኛ ጎረቤት አጋጥሞት አያውቅም።

ክፍያው በተቀዳው ደቂቃ ልክ እንጂ እሱ በደከመበት ልክ አይደለምና፣ መፍጠንን ተማረ። የሰዎቹን ንግግር መጀመሪያ በአንድ ተኩል፣ ኋላም በሁለት እጥፍ ፍጥነት እያስሮጠ ይሰማ ጀመር። በሚሠራበት ፕሮግራም ጥግ ላይ ደግሞ «ዝምታውን እለፍ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት ሲያደርግባት ተናጋሪው የተነፈሰው፣ ያሰበው፣ የዋጠው ሁሉ ይቆረጥና ቃል በቃል ላይ ተደራርቦ ይመጣል። የአንድ ሰዓቱ ወሬ በሃያ አምስት ደቂቃ ያልቃል። በዚህ ኩራት ነበረው። እህቱ ግን «ከአንተ ጋር ሳወራ ከኋላዬ ጡሩምባ የሚነፋብኝ መኪና ያለ ይመስለኛል» ትለዋለች። ጠዋት ኮምፒውተሩን ከመክፈቱ በፊት ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ የሚያደርሳትን ጸሎት እንኳ በዚያው ፍጥነት ማድረስ ለምዷል፤ ሰሚውም በላይ ሆኖ ሳጥኗን ምልክት ያደረገባት ይመስል።

አባቱ ከእሱ የአንድ ቀን መንገድ ርቀው ይኖራሉ። ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ከታች ሱቃቸው፣ ከላይ መኝታቸው፤ ሱቁን ከዘጉ ስምንት ዓመት ቢሆናቸውም አሥራ አንድ የግድግዳና የጠረጴዛ ሰዓቶች ዛሬም እዚያው አሉ፣ ሁሉም በቁልፍ የሚሞሉ። ጆሯቸው ስለደከመ የስልክ ወሬ አይሆንላቸውም። ስለዚህ ከጎን ያለችው ልብስ ሰፊ የድምፅ መልእክት መላክ አስተማረቻቸው፤ ልጃቸው በጽሑፍ ይመልስላቸዋል፣ እሳቸውም የሰዓት መሥሪያ ማጉያቸውን በአንድ ዓይናቸው ሰክተው ያነቡታል።

በየእሑዱ አንድ መልእክት ይመጣል። «ቀንድ አውጣ፣ አባትህ ነኝ። ደህና ነኝ። አንተስ? በል እንግዲህ።» እሱም መልእክቱን ከሥራው ጋር እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ይከተውና፣ በአሥር ሰኮንድ ሰምቶ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን አባባ፣ እኔም ደህና ነኝ» ብሎ ጽፎ ይልካል። አንድም እሑድ ሳይመልስ ቀርቶ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከጎርፍ ስለተረፉ ሰዎች የምታጠና አንዲት ተመራማሪ የጻፈላትን ሥራ መለሰችለት። «ቃሉ አንድም ስሕተት የለበትም» ይላል ማስታወሻዋ፤ «ግን ሰዎቹ ዝም ያሉበት ቦታ የለም። የት ላይ፣ ስንት ሰኮንድ፣ በዚያ መሐል ምን ይሰማ እንደነበር ጻፍልኝ። እኔ የምፈልገው እሱን ነው።»

«ዝምታ ልጻፍላት?» አለ ለመሪው። ሲያናድዱት የሚያወራው ከመሪው ጋር ነው። «ባዶ ወረቀት ብልክላት አይቀላትም!»

ቢሆንም ሳጥኗ ላይ ያለውን ምልክት አነሣ፤ ፍጥነቱንም ወደ ሰው ፍጥነት መለሰ። አንዲት ባልቴት «ከዚያ ላሚቱን ፈታኋት» ብለው አቆሙ። እግሩ ፔዳሉ ላይ ተቁነጠነጠ። ባልቴቲቱ ምንም አይሉም። ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይቆማል። «አሥራ አንድ ሰኮንድ፤ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ይዞራል፤ ይቆማል» ብሎ ጻፈ። ጽፎም ትንሽ አየው። ያን ቅዳሜ የአንድ ሰዓቱን ቅጂ ሲሠራ ሙሉ ቀን ፈጀበት፤ ሲመሽ ግን ባልቴቲቱን የሚያውቃቸው ያህል ተሰማው።

በማግስቱ ከጸሎት በኋላ የአባቱ መልእክት መጣ። እንደ ልማዱ ፕሮግራሙ ውስጥ ከተተው። ሳጥኗን መልሶ ምልክት ማድረጉን ረስቷል።

«ቀንድ አውጣ፤» አሉ አባቱ። «አባትህ ነኝ።»

ከዚያ ምንም የለም። ድምፁ የቆመ መስሎት የኮምፒውተሩን ማያ አየ፤ ይሄዳል። ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፣ የወንበር መንቋቋትም፤ አንድ ሰው ቦታውን ለማመቻቸት ሞክሮ ጥርሱን የነከሰ ዓይነት ድምፅ ተከተለ። «ደህና ነኝ» አሉ። እንደገና ዝም። ሃያ ሰኮንድ ሙሉ። «አንተስ? በል እንግዲህ።»

ደግሞ ሰማው። ቅር ያለው ትንፋሹ ብቻ አልነበረም። የጎደለ ነገር አለ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ተጫነ፤ ያኔ ገባው። የአባቱ ቤት ዝም ብሏል። እሱ ያደገበት ቤት፣ ሌሊት እንኳ አሥራ አንዱ ሰዓቶች አንዱ ባንዱ ላይ እየተጣደፉ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ሲያንጠባጥቡ የሚያድሩበት ቤት፣ አንድም ሰዓት አይሰማበትም።

የቆዩት መልእክቶች ሁሉ እዚያው ተቀምጠዋል። ከሁለት ወር በፊት ከተላከው ጀምሮ በየተራ ከፈታቸው፤ በሰው ፍጥነት፣ ከነዝምታቸው። በመጀመሪያው ካፊያው ሙሉ ነው። በሚቀጥለው ትልቁ ባለ ዥዋዥዌ ሰዓት የለም፤ ከበሩ በላይ የተሰቀለውና ወንበር ላይ ተቁሞ የሚሞላው። ከዚያ ካፊያው እየሳሳ ሄደ። ባለፈው እሑድ ከወንበር ሳይነሡ እጅ የሚደርስበት አንድ የጠረጴዛ ሰዓት ብቻ ይሰማል። ዛሬ እሱም የለም። ቃሉ ግን በሁሉም ላይ ያው ነው፤ «ደህና ነኝ»። እሱም ለሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን ብሏል።

እህቱ ጋ ደወለ።

«እታለም፣ አባባን መቼ ነው ያገኘሽው?»

«ትናንት ልከውልኛል። ደህና ነኝ አሉ። ምነው?»

«ሰዓቶቹ ቆመዋል።»

«ታዲያ ባትሪ... » ብላ ጀመረችና ራሷ አቆመችው። እሷም የዚያው ቤት ልጅ ናት። «አባባ ሰዓት አቁመው አያውቁም» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ቤቱን ሸጠን እኔ ጋ ይምጡ ካልኳቸው ወዲህ አኩርፈውኝ መስሎኝ ነበር እኮ። የምን ድምፅ ነው? እየነዳህ ነው?»

«አሁን አስነሣሁ።»

ለተመራማሪዋ እዘገያለሁ ብሎ ጻፈላት። ሲቸኩል ብርጭቆዎቹን አላሰራቸውም፤ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተከሰከሱ። ሲመሽ መንገድ ዳር አደረ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ አባቱ ሰፈር ገባ።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሯ ላይ ቆማለች። «ቀንድ አውጣ! ምን እግር ጣለህ?»

«አባባስ?»

«ጠዋት ጠዋት ዳቦ አመጣላቸዋለሁ፣ በሩን ገርበብ አድርገው ይቀበሉኛል። ግቢ አይሉኝም። እኔማ ሱሪያቸውን ስላሳጠርኩባቸው የተቀየሙኝ መስሎኝ!»

በሩ አልተቆለፈም። አባቱ ከሥራ ጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ግራ እግራቸው በርጩማ ላይ ተዘርግቷል። ከጀርባቸው ፍራሽ ወለሉ ላይ ተነጥፏል። ደረጃውን መውጣት እንደተዉ ለማወቅ ሌላ ምስክር አላስፈለገውም። በግድግዳው ላይ አንዱ ሰዓት አራት ተኩል፣ ሌላው ስድስት፣ ሌላው አሥር ከሩብ ይላል።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አሉ።

«ናፍቀውኝ።»

«ውሸታም። ሰኞ አይደለም? ሥራ የለህም?»

«ሥራዬን ይዤው ነው የምዞረው፣ አባባ።»

«ያን ቆርቆሮህን በሬ ላይ ገትረህ ደንበኛ እንዳታሸሽብኝ።»

«ሱቁን ከዘጉ እኮ ስምንት ዓመትዎ።»

«ቢሆንስ!»

ጠጋ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ከዚያ ምንም ሳይጠይቅ ከመሳቢያው ቁልፉን አወጣና ወንበር ስቦ ከበሩ በላይ ወዳለው ሰዓት ወጣ።

«ወደ ቀኝ!» አሉ አባቱ ከታች። «ቀስ! ቀስ በል አልኩህ! ዳቦ መሰለህ እንዴ የምትጨብጠው? ሲጠነክርብህ ተወው፤ እሱ ይነግርሃል።»

ዥዋዥዌውን በጣቱ ነካ አደረገው። ሄደ። ወርዶ ከአባቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«እግርዎን ምን ሆነው ነው?»

«ምንም። ብርድ ነው።»

ዝም አሉ። ሌላ ቀን ቢሆን «አይ ብርድ! እግዚአብሔር ይማርዎ» ብሎ ወደሚቀጥለው ወሬ ያልፍ ነበር። ቀኝ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር የሌለውን ፔዳል ሊረግጥ ተነሣ። መልሶ አሳረፈው። በልቡ አንዲት አጭር ጸሎት አለ፤ ቃላቷን ሳያጣድፍ፣ እያንዳንዷን እየጠበቀ። ትልቁ ሰዓት ብቻውን ይሄዳል። አባቱ ሰዓቱን አዩ፣ ጣታቸውን አዩ፣ ፍራሹን አዩ። አሥር ሰኮንድ፣ ሃያ፣ ሠላሳ።

«ወደቅሁ» አሉ።

ቀንድ አውጣ ጆሮውን ወደሳቸው አዘነበለ።

«ያን ልሞላ ወጥቼ። ሁለት ወር ሆነኝ። ወንበሩ ከሥሬ ሸሸ።» ምራቃቸውን ዋጡ። «እህትህ ብትሰማ ይህ ቤት ሳይሸጥ አያድርም። አራተኛ ፎቅ ወስዳ ልታስቀምጠኝ! ግድግዳው ሚስማር አይቀበል፤ ሰዓቶቼን የት ልሰቅላቸው?»

«ለእኔስ ለምን አልነገሩኝም?»

«ለአንተማ ስምንት እሑድ አፌን ከፍቻለሁ። ያቺን የስልኩን መቅጃ ተጭኜ፣ ልናገር እልና ይተናነቀኛል። ዝም እላለሁ። ይህ ልጅ ዝም ማለቴን ሲሰማ 'ምነው አባባ' ይለኛል እላለሁ።» ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ሥራው መስማት አይደል ብዬ።»

ቀንድ አውጣ ተነሥቶ ወጣና መኪናዋን ወደ በሩ አስጠጋት።

ሐኪም ቤት የወሰዳቸው በዚያችው መኪና ነው፤ አልጋው ላይ አጋድሞ፣ ጉድጓድ ባየ ቁጥር እንደ እንቁላል ጫኝ እየተሳቀቀ። «ዳቦ ይሸታል» ሲሉ መጡ አባቱ ከኋላ፤ «ሰው ዳቦ ውስጥ ይኖራል?» ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን መብራት ላይ አንሥቶ አየው። ቁርጭምጭሚታቸው ተሰንጥቆ፣ ጠምሞ ገጥሟል። ከእንግዲህ ያለ ምርኩዝ አይሄዱም። «ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ኖሮ...» አለና ሐኪሙ የቀረውን ተወው። ቀንድ አውጣም የተወውን ሙሉውን ሰማው።

መኪናዋ ከቤቱ ጀርባ ካለው ግቢ ገባች። እዚያ ያለው ኔትወርክ ሁለት መስመር ነው፤ ሦስተኛው የሚገኘው አፍንጫዋን ወደ ልብስ ሰፊዋ መስኮት ሲያዞራት ነው፤ ልብስ ሰፊዋም በየጠዋቱ «እኔን ነው ኔትወርኩን የምታየው?» ትለዋለች። እህቱ በስልክ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ቤቱም ለጊዜው አይሸጥ አለች። «ቆይ፣ አንተ እስከ መቼ እዚያ ልትቆም ነው?»

«ሰዓት የሚሞላ ሰው እስኪገኝ።»

የተመራማሪዋን ሥራ ጨርሶ ላከላት። ከዚያ ወዲህም ሳጥኗን ምልክት አላደረገባትም ማለት አይቻልም፤ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ሲሆን ያደርግባታል፤ እነሱ ዝም ቢሉም ሻይ እስኪመጣ ነው። የሰው ድምፅ ሲሆን ግን ጣቱ አይሄድለትም።

በሚቀጥለው እሑድ ከጸሎቱ ተነሥቶ ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። መልእክቱ የመጣው ከአሥራ አምስት እርምጃ ርቀት፣ ከግድግዳው ማዶ ነው። ማዳመጫውን አደረገ። መጀመሪያ የተሰማው ካፊያው ነው፤ አሥራ አንዱም፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተጣደፉ። ከዚያ ትንፋሽ። ከዚያ ዝምታ። ጠበቀ።

«ቀንድ አውጣ፣ አባትህ ነኝ» አሉ። «ደህና አይደለሁም። እግሬን ሌሊቱን ሲቆረጥመኝ ነው ያደረው። ና እስቲ፣ ሻይ ጣድልኝ።»

በሩን ሁለቴ ደልቆ ዘጋና ሄደ።