የልጅ ለቅሶ

ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ድንኳኑ እንደተተከለ ነበር። ስምንት የብረት ቋሚ፣ አራት ረድፍ አግዳሚ ወንበር፣ በወንዶቹ በኩል ሁለት የሻይ ፔርሙዝ፣ በሴቶቹ በኩል መሬት ላይ የተነጠፈ ሰሌን። ወይዘሮ ዝናሽ ግድግዳውን ተደግፋ፣ የሚያማትን ጉልበቷን ዘርግታ ተቀምጣለች። ልጇ ማርቲ የተቀበረችው ትናንት እሑድ ነው። ከጎኗ ያለችው ተሻለች ማርቲ ትውልበት የነበረው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት። ከትናንት ጀምሮ አንድ ቃል እየቆጠረች ነው።

«ተገላገልሽ።»

እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሰምታዋለች። መቁጠር ልማዷ ነው። ዳውን ሲንድረም ላለባቸው ልጆች በተከፈተው ትምህርት ቤት ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ማን ምን እንደሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደሞከረ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ስትመዘግብ ኖራለች። ቃሉን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ከልባቸው ያለቅሳሉ፤ ከዚያ ወደ ዝናሽ ጆሮ ጠጋ ብለው ይሏታል።

ሃያኛዋ ከሳቢያን ሰፈር የመጣች ዘመድ ነበረች።

«እሷም አረፈች፣ አንቺም ተገላገልሽ። እግዜር የሚሠራውን ያውቃል።»

ተሻለች ወደ ፋዱማ ዞረች። ፋዱማ ከእሷ ጋር ትምህርት ቤቱን የመሠረተች መምህርት ናት።

«ባል ለሞተባት ሴት እንዲህ ይባላል?» አለች በሹክሹክታ።

«ለአንዳንዱ ባል ቢባልስ ደግ ነበር፣ ወላሂ» አለች ፋዱማ።

ተሻለች ሳትወድ ከንፈሯ ፈገግ ሊል ሲል፣ ሁለት ጎልማሶች ገብተው የድንኳኑን የመጀመሪያ ገመድ መፍታት ጀመሩ። ከኋላቸው የእድሩ ዳኛ አቶ በዛብህ ቆመዋል። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በብብታቸው ይዘዋል።

«ጋሽ በዛብህ፣ ምንድን ነው?»

«ሰዓቱ ደርሶ ነው፣ ቲቸር። የልጅ ለቅሶ አንድ ቀን ነው። የአዋቂ ሦስት ቀን። ደንቡ እኔ ዳኛ ከመሆኔ በፊት የነበረ ነው።»

«የማን ልጅ?»

«የማን ይሆናል? ማርቲ ናታ።»

«ማርቲ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው።»

«መች ጠፋኝ? የክርስትናዋን ድግስ በልቻለሁ።»

«ታዲያ ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ልጅ የሚባለው በየት አገር ነው?»

«ኧረ አቦ፣ ገመዱን ልቀቁት!» አለች ፋዱማ ወደ ጎልማሶቹ። አንደኛው ለቀቀ። ሌላው የአቶ በዛብህን ፊት አየ።

ማርቲ አቶ በዛብህን «ባቡር» ነበር የምትላቸው። በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፉ «ባቡር፣ ጫማህ!» ትላቸዋለች፤ እርሳቸውም ቆመው ጫማቸውን ያሳያሉ። በሩ የእሷ ነበር። ልብዋ ላይ ቀዳዳ ይዛ ተወልዳ፣ ሐኪሙ ሃያ ዓመት አትሞላም ያላት ማርቲ፣ በየጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ቆማ አርባ ሦስት ልጆች ታስገባለች። ግራና ቀኙን አዛብቶ የተጫማ ልጅ «ቀይር!» ይባላል። ሳይቀይር አይገባም። በባጃጅ የመጣም ሆነ በመኪና፣ ልዩነት የለውም። አንድ ጊዜ ለጉብኝት የመጣ ባለሥልጣን ያልታሰረ የጫማ ገመዱን እስኪያስር ደጅ አቁማዋለች። ቅዳሜ ጧት ግን አልተነሳችም። ልብዋ በእንቅልፏ ቆሟል።

ይህን ሁሉ ተሻለች በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሻያቸውን አስቀመጡ።

አቶ በዛብህ አልተቆጡም። ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ቲቸር፣ እኔ ልጅ ናት አላልኩም። ወረቀቱ ነው ያለው። የማን ማኅተም ነው?»

ተሻለች አየችው። ክቡ ሰማያዊ ማኅተም የትምህርት ቤቱ ነው። ከሥሩ ያለው ፊርማ የራሷ ነው። ቀኑ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት።

ያን ጊዜ እድሩ፣ ዕድሜያቸው ከአሥራ ስምንት ያለፈ ልጆች ከወላጅ ካርድ ይሰረዙ፣ የፈለገ ራሱን ችሎ አባል ይሁን ብሎ ወስኖ ነበር። ዝናሽ ደንግጣ ትምህርት ቤት መጣች። ማንበብ አትችልም። ተሻለች በአምስት ደቂቃ አንድ ደብዳቤ ጽፋ አሽጋ ሰጠቻት። በሳምንቱ ማርቲ በእናትዋ ካርድ እንደምትቀጥል ተነገራቸው፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ።

አቶ በዛብህ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ።

«ተማሪ ማርቲ ምንም እንኳ ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆንም፣ በአእምሮዋ ከስድስት ዓመት ሕፃን የማትበልጥ በመሆኗ፣ በሕፃንነት እንድትመዘገብ እንጠይቃለን።»

ፋዱማ ሰሌኑን ተመለከተች። ደብዳቤውን አታውቀውም ነበር።

«ውሸት ነው» አለች ተሻለች።

«ያን ጊዜ ነው የዋሹት ወይስ ዛሬ?»

«ያን ጊዜ።»

ውሸቱ የአንድ ቀን ብቻ እንዳልነበረ ተሻለች ታውቃለች። ደብዳቤው በተጻፈ በዓመቱ ጦልሃ የሚባል የሰባት ዓመት ልጅ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እምቢ አለው። እሷና ፋዱማ ሁለት ወር ፊት ለፊቱ ተቀምጠው አሳዩት፤ አልሆነም። አንድ ቀን ማርቲ ተነስታ ተሻለችን «ተይው» አለቻትና ልጁን በጉልበቶቿ መካከል፣ ጀርባውን ወደ ደረቷ አድርጋ አስቀመጠችው። እጆቿን በትከሻው ላይ አሳልፋ ቁልፉን ያዘች። የእሷ ግራ የእሱ ግራ ሆነ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጦልሃ አምስቱን ቁልፍ ብቻውን ቆለፈ። ተሻለች ቀኑንና ደቂቃውን በጥንቃቄ መዝግባዋለች። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤቱ መምህራን በሙሉ ከልጁ ኋላ ተቀምጠው ነው የሚያስተምሩት። ሐረር በተደረገ ሥልጠና ላይ ተሻለች ይህንኑ ስታቀርብ፣ ግድግዳው ላይ የበራው ጽሑፍ «ትምህርት ቤታችን ያዳበረው ዘዴ» ይል ነበር። የማርቲ ስም አልነበረበትም። በመዝገቡም ማርቲ እስከ ቅዳሜ ድረስ በተማሪዎች ዝርዝር ተራ ቁጥር አንድ ነበረች። ከመምህራኑ ጋር አልተጻፈችም። ሌሎቹ «ተገላገልሽ» ብለው ማርቲን በአፋቸው አሳነሷት፤ እሷ ግን በማኅተም አጽድቃዋለች።

«እንግዲያው ነገሩ ባሰ» አሉ አቶ በዛብህ ወረቀቱን እያጠፉ። «ደብዳቤው ውሸት ከሆነ ማርቲ በእናትዋ ካርድ አልነበረችም ማለት ነው። ድንኳኑ ትናንትም መተከል አልነበረበትም። ኮሚቴው ወይዘሮ ዝናሽን ይጠይቃታል፤ እርስዎን አይደለም። ስለዚህ ይምረጡ። ልጅ ናት ካሉ አንድ ቀኗን አግኝታለች። አዋቂ ናት ካሉ ምንም የላትም።»

ተሻለች ልትመልስ ስትል ዝናሽ ቀድማ ተናገረች። ማርቲ ከተቀበረች ወዲህ የዝናሽ ድምፅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

«ቲቸር፣ እንደዚያ ነው የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«እኔ ያልኩሽ ከካርዴ አይሰርዟት ብለሽ ጻፊ ነው። ሕፃን ናት በይልኝ ብዬሻለሁ?»

«አላልሽኝም።»

«እኔ ራሴ ነኝ በእጄ ወስጄ የሰጠኋቸው» አለች ዝናሽ። «ተሸክሜው በፀሐይ የሄድኩት ይሄን ነው?»

ሴቶቹ «ተይ በሞቴ፣ ተይ» እያሉ ያዟት። እጃቸውን አራገፈች።

«ጉልበቴ ከያዘኝ ስድስት ዓመቴ ነው። ውኃ የምትቀዳልኝ ማን ናት? እግሬን የምታጥበኝ፣ ከአልጋ የምታወርደኝ? መድኃኒቴን እንኳ ሰዓቱን ጠብቃ የምትሰጠኝ እሷ ናት፤ ካልዋጥኩ ከፊቴ አትሄድም። ተገላገልሽ ይሉኛል። ከምኔ? ከእጄ ነው የተገላገልኩት?»

ከሳቢያን የመጣችው ሴት ፊቷን ሸፈነች።

«በዛብህ፣ ወንድሜ፣ ድንኳንህን ውሰድ። የምጠየቀውን እጠየቃለሁ። በሕፃን ስም ለልጄ አላስለቅስም።»

አቶ በዛብህ ወረቀቱን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ከዚያ ለጎልማሶቹ በአገጫቸው አመለከቱ። ስምንቱ ቋሚ በሃያ ደቂቃ ተነቅሎ ጋሪ ላይ ተጫነ። ወንበሮቹም ሄዱ። የቀረው ሰሌኑና ግድግዳው ነበር።

ማክሰኞ ሰልስቱ በግቢው ውስጥ ዋለ። ፋዱማ ከጎረቤቶቿ አምስት ምንጣፍ ሰብስባ በባጃጅ አምጥታለች። ትምህርት ቤቱ አልተከፈተም። ከአርባ ሦስቱ ልጆች ሠላሳ ስምንቱ ከወላጆቻቸው ጋር መጥተው በግድግዳው ጥላ ሥር ተደረደሩ። ጦልሃ አሁን አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። አንዳንዶቹ ጮክ ብለው አለቀሱ፤ ማንም ዝም አላላቸውም።

ረፋዱ ላይ አቶ በዛብህ መጡ። ብቻቸውን ናቸው፤ ዱካቸውን፣ ትንሿን መቀመጫ፣ ከቤታቸው ይዘዋል።

«ኮሚቴው ማታ ተቀምጦ ነበር» አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ደንቡ አልተቀየረም። ዝናሽም ስድስት ወር ታግዳለች።»

«እና እርስዎ ለምን መጡ?» አለች ፋዱማ።

«እኔ አልታገድኩማ። ጎረቤት ነኝ።»

ዱካቸውን ከጥላው ውጭ አስቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ተሻለች ከሴቶቹ መጨረሻ ላይ፣ ከዝናሽ አራት ሰው ርቃ ነበር የተቀመጠችው። ከሰኞ ጧት ወዲህ ዝናሽ አላናገረቻትም። ተሻለችም ልታናግረኝ ይገባል ብላ አላሰበችም። ስድስት ሰዓት ሲቃረብ የግድግዳው ጥላ አንድ ክንድ ብቻ ቀረ። የድሬ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ልጆቹ ወደ ጎረቤት በረንዳ ተዛወሩ፤ በመሃል የነበሩት ሴቶችም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ዝናሽ አልተነሳችም። ተሻለችም አልተነሳችም። በመካከላቸው ባዶ ምንጣፍ ሆነ።

ዝናሽ ወደ እሷ ሳትዞር ምንጣፉን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች።

ተሻለች ተጠጋች። ዝናሽ ከትከሻዋ ላይ ነጠላዋን ፈታች፤ ግማሹን በራሷ አናት ላይ አደረገችና የቀረውን በተሻለች አናት ላይ ጣለችው። ጫፉ እንዳይንሸራተት በጣቶቿ ያዘችው። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል፣ ጥላው ዞሮ እስኪመለስ ድረስ፣ ነጠላው ለሁለት ሰው በቃ።