ትእዛዝ የሌለው ገንዘብ

ሰፈርተኛው ሁሉ «አይነኬ» ይለዋል። ሚስቱም ስትናደድ በዚሁ ስም ትጠራዋለች። ስሙ የወጣለት በፍየል ሰበብ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የእርዳታ ድርጅት አምስት ፍየሎች ሰጥቷቸው ነበር። ጆሯቸው ላይ ቁጥር የተሰካባቸው፣ በጭብጨባና በፎቶግራፍ የተረከቧቸው ፍየሎች። «ከዛሬ ጀምሮ የእናንተ ናቸው» ተባሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ ትንሹ ልጃቸው በትኩሳት ሊያልፍ ሆነ፤ አባትየው አንዷን ፍየል ሸጦ አሳከመው፣ ልጁም ዳነ። ከዚያ መዝገብ የያዙ ሰዎች መጥተው ፍየሎቹን ቆጠሩ። አራት ናቸው። ሰውየው ምንም ሳይደብቅ እውነቱን ነገራቸውና «የእናንተ ናቸው ብላችሁን የለ እንዴ?» ሲል ጠየቃቸው። «የእናንተ ማለት የምትሸጡት ማለት አይደለም» አሉት። ሦስት ቀን ፖሊስ ጣቢያ ታስሮ ወጣ፤ አራቱ ፍየሎችም ለሌላ ሰው ተሰጡ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሰጠውን ነገር አይነካም። ልጁን በማዳኑ የታሰረው የመጀመሪያው አባት እሱ ይሁን አይሁን የመዘገበ የለም። የሚመዘገበው ፍየል ነበር።

እንግዲህ ዘንድሮ ሌላ ድርጅት መጥቶ በስማቸው ባንክ ገንዘብ ሲያስገባና «ምንም ግዴታ የለበትም፣ እንደፈለጋችሁ» ሲል፣ አይነኬ ሳቀ። ሳቁ ግን ጥርሱን አላሳየም። ድርጅቱ በአስተዳደሩ ብልህ ነኝ ባይ ነውና፣ ባል ብቻውን ጠጥቶ እንዳይጨርሰው ብሎ የባልና የሚስት አውራ ጣት አብሮ ካላረፈ ገንዘቡ እንዳይወጣ አድርጎ ነበር። ከነጭራሹ የማይነካ ባል ያለበት ቤት ይኖራል ብሎ ያሰበ አልተገኘም።

ዝናቡ ዘነበ፣ ሰው ሁሉ አርሶ ዘራ። የአይነኬ መሬት ብቻ ገላጣውን ቀረ። በሬ የለውም፣ ዘር የለውም፣ ባንክ ያለውን ገንዘብ ደግሞ ለቆጣሪዎቹ ሙሉውን ሊያስረክብ ይጠብቃል። ሚስቱ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አልቅሳ አየች። እሱ የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፦ ዘንድሮ የሚቆጥሩት ገንዘብ እንደ ፍየል አይጎድልም። ልጆቹ ምን ይብሉ ስትለው ሁነኛ መፍትሔ ነበረው። ከተማ ላሉ ሰዎች የቤት ሠራተኛ የሚያገናኝ ደላላ ትልቋን ልጅ አይቷታል፤ ቅድሚያ ክፍያም ይሰጣል። የደላላው ገንዘብ ቁልጭ ያለ ነው፤ ምን እንደሚፈልግበት ይታወቃል።

ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያው ሰፈር በዚሁ ደላላ ከሄዱት አራት ልጆች የተመለሰችው አንዷ ናት፤ እሷም አትናገርም። እናትየው ይህን ስለምታውቅ በዚያ ክረምት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ልጅቷ የደላላው መኪና ላይ እንዳትወጣ።

አንድ ጠዋት የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሯ ሄዳ ከተማ ያለው የድርጅቱ ቢሮ ደረሰች። ጸሐፊው ረጋ ያለ ወጣት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ችግሯን ጠየቃት።

«ትእዛዝ ስጠን፣ ልጄ» አለችው። «ለዘር ነው፣ ካልዘራችሁ ትጠየቃላችሁ ብለህ ጻፍልኝ። ማኅተም ካለህም ምታበት።»

ጸሐፊው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ከዚያ በሠለጠነበት መሠረት፣ ቃል ሳይጎድል አስረዳት፦ ይህ ገንዘብ ሰውን የሚያከብር ገንዘብ ነው፤ ደሃ የሚጠቅመውን ያውቃል ተብሎ የተሰጠ ነው፤ እኛ ይህን አድርጉ ማለት አንችልም።

«አንድ ጊዜ ብቻ እዘዘው» አለችው።

«አልችልም፣ እናቴ። ከሥራ ያባርሩኛል።»

አሳዝናው ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ለአሥር ዓመት «ጉድጓድ ካልቆፈራችሁ፣ ስብሰባ ካልመጣችሁ፣ ካልፈረማችሁ» ሲባል የኖረን ሰው በአንድ ቀን ንግግር ነፃ አወጣሁት ማለት ግን ሌላ ዓይነት ንቀት መሆኑን በሥልጠናው አልነገሩትም።

ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገድ ላይ ውሸቱን አሰናዳችው። ደጃፍ ላይ እንደደረሰች ፊቷን አኮሳትራ ለባሏ ነገረችው፦ ገንዘቡን ሳይነኩ ማስቀመጣቸው ተደርሶበታል። ገንዘቡ ለዘር ነው የተሰጠው። በአሥር ቀን ውስጥ ካልተዘራ መጥተው ይጠይቃሉ።

አይነኬ ፊቱ በራ። ብላ ቢሉት የማይበላ፣ ተኛ ቢሉት የማይተኛ ሰውዬ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ባንክ በር ላይ ተገኘ፤ ከሚስቱ ጋር አውራ ጣቱን አሳረፈ፣ በሬ ተከራየ፣ የበቆሎ ዘር ገዛ፣ ስድስት ቀን ሙሉ ወገቡን ሳያቀና አረሰ። «ይኸው አልኩሽ፣ ያለ ምክንያት የሚሰጥ የለም» ይላት ነበር ምሳ ስታደርስለት፤ ከጋብቻቸው ጀምሮ እንዲህ ሲፍለቀለቅ አላየችውም። እሷም አብራው ስቃ፣ ደላላውን ያባረረችው መሰላት።

በቆሎው በቀለ፣ ለጉልበት ደረሰ። በዚያው ሰሞን ጓዳ ያለው እህል አለቀ። አዝመራው ገና አራት ወር ይቀረዋል። ባንክ ከገባው ገንዘብ ግማሹ እዚያው እንዳለ ስለሆነ፣ ሴትየዋ እንደ ቀላል ነገር «ነገ ሄደን እህል እንግዛበት» አለችው።

«ምን ነካሽ?» አላት። «ለዘር ነው አላልሽም?»

ዋሸሁ አለችው። ማንም አላዘዘም፣ ከራሴ ነው ያወጣሁት፣ ልጄ እንዳትሄድ ብዬ ነው አለችው። እሱ ግን ትክ ብሎ አያትና አንገቱን ነቀነቀ።

«አሁን ነው የዋሸሽው» አለ። «ስለራበሽ።»

ጎትታ ጸሐፊው ዘንድ ወሰደችው። ጸሐፊው ሁሉንም በትዕግሥት ደገመለት፦ ምንም ግዴታ የለም፣ ማንም አይቆጥርም፣ የእናንተ ነው። «የእናንተ ነው» የሚለውን ቃል ሲሰማ አይነኬ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ፤ አውራ ጣቱንም ጨብጦ መዳፉ ውስጥ ደበቀ። ከቢሮው ወጥተው የመኪና መንገዱን ሲሻገሩ ለደላላው ስልክ ደወለ። ደላላው ዓርብ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ አለ።

ዓርብ ጠዋት፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ እናትየው እርሻው መሃል ነበረች። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር አብሰልስላ ነው የወጣችው። ባሏ ገንዘቡ ለዘር ነው ብሏል። እርሻው ላይ በቆሎ ካለ ዘር አያስፈልግም። ከሌለ ያስፈልጋል።

በሁለት እጇ እየጨበጠች መንቀል ጀመረች። አፈሩ እርጥብ ስለሆነ በቆሎው ከነሥሩ ሳያስቸግር ይወጣል፤ ያ መቅለሉ ነው ያስለቀሳት። አንዱን ትልም ጨርሳ ወደ ሌላው አለፈች። ስድስት ቀን የታረሰውን መሬት ግማሹን ለመግፈፍ ከሁለት ሰዓት ብዙም አልበለጠባትም። ባሏ ሲደርስ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ አሁንም ትነቅል ነበር።

ይመታኛል ብላ ጠበቀች። አልመታትም። አብደሻል ወይ እንኳ አላላትም። የተነቀለውን በቆሎ አየ፣ ራሱን ያዘ፣ ወደ መንገዱም ዞሮ ተመለከተ።

«መጥተው ካዩት አለቀልን» አለ። «ተነሺ፣ ባንክ እንሂድ። ሳይደርሱብን መልሰን እንዘራለን።»

በባንኩ መስኮት ሁለቱም አውራ ጣታቸውን አሳረፉ፤ የቀረው ገንዘብ በሙሉ ወጣ። እሱ ተቀብሎ በጡጫው ጨበጠው። እህል ነጋዴው ሱቅ ሁለት ዓይነት በቆሎ ነበር። አንደኛው በመድኃኒት ታሽቶ የቀላ፣ ቢበላ ሰው የሚገድል የዘር በቆሎ ነው፤ ሌላው ነጩ ለመብል የሚሆነው። ነጋዴው ጆንያ እየገለጠ የትኛውን እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ቀዩን» አለ አይነኬ።

«ነጩን» አለች ሚስቱ። «በሙሉ።»

ነጋዴው አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየ። አይነኬ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ማን አዘዘ?» አላት።

«እኔ።»

«ይመጣሉ እኮ።»

«ይምጡ። በቆሎውን የነቀለችው እሷ፣ ያዘዘችውም እሷ ናት በላቸው። አንተ አልነካህም።»

ሌላ ገበያተኛ መጥቶ ጨው ገዝቶ ሄደ። ከዚያ ጡጫውን ለነጋዴው ሳይሆን ለእሷ ዘረጋላት፤ ብሩን ከጣቶቹ መሃል ፈልቅቃ ያወጣችው እሷ ናት።

ጆንያዎቹን በተከራዩት አህያ ጭነው ቤት ሲደርሱ የደላላው መኪና ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ልጅቷም ልብሷን በፌስታል ቋጥራ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እናትየው ፌስታሉን ከእጇ ነጥቃ ወደ ቤት ወረወረችው። ደላላው አልተቆጣም። እንደ ወዳጅ ተጠግቶ አንዱን ጆንያ በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ክብደቱን ገመተ፣ ሌሎቹን በዓይኑ ለካ፣ በደጅ የሚሯሯጡትን ልጆችም ቆጠረ። ከግቢው ባሻገር የእርሻው ግማሽ ጥቁር አፈር ሆኖ ይታያል።

«ሁለት ወር» አለ። «ብትቆጥቡ ሁለት ወር ተኩል። ያኔ ብቅ እላለሁ።»

መኪናው ውስጥ ገባና ሄደ። ልጅቷ «እውነቱን ነው እንዴ?» ብላ እናቷን ጠየቀቻት። እናትየው ጆንያውን እየፈታች ነበር። እሳት አንድጂ አለቻት።