ወስፌው የጣላቸው ካርዶች

የሺሃረግ ገብረሥላሴ በሰው ላይ ጥርስ ነክሳ አታውቅም፤ በፋይል ላይ ግን ነክሳለች። አሰላ ላይ የቤት መሥሪያ ቦታ ወይም የግንባታ ፈቃድ የፈለገ ሰው ማመልከቻውን የሚያስገባው እሷ በምትሠራበት መዝገብ ቤት ነበር። ወረቀቱ ከዚያ ወጥቶ ወደ ቀበሌ ማረጋገጫ፣ ወደ ልኬት፣ ወደ ፕላን፣ ወደ ኃላፊው ፊርማ ይዞራል፤ የት እንደቆመ የሚያውቀው ግን አንድ ፈጣሪ ብቻ ነው። ፋይሎቹ በገቡበት ቀን ተራ በሲባጎ ታስረው ግድግዳውን ሞልተውታል። አንዱን ለማግኘት አርባውን መፍታት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰዉ ዓመት ሙሉ ይመላለሳል፤ ዕድለ ቢሱ ደግሞ ሁለት ዓመት።

ከተመላላሾቹ አንዱ ልብስ ሰፊው ሀሰኖ ቱሳ ነበር። ከሚስቱና ከአምስት ልጆቹ ጋር በአንዲት ክፍል ይኖራል፤ የስፌት መኪናውም ከእነሱ ጋር ታድራለች። ቦታ ከጠየቀ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሰኞ ሰኞ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ብቅ ይላል።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ? ዛሬስ ወረቀቱ ምን አለ?»

«ገና ነው፣ ጋሽ ሀሰኖ።»

«ገና ማለት በእናንተ ቤት ስንት ቀን ነው? ወላሂ፣ ንገሪኝና ልቁጠረው» ይልና ይስቃል።

የሚያንገበግባት ይኸው ሳቁ ነበር። ቢሳደብ ይሻላት ነበር፤ ለስድብ መልስ አታጣም።

የሺሃረግ ወደዚህ መሥሪያ ቤት ከመምጣቷ በፊት በስንዴ ምርምር ጣቢያ ጸሐፊ ነበረች። እዚያ የነበረ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ለእያንዳንዱ የስንዴ ዓይነት ዙሪያውን የተበሳ ካርድ ነበረው። የዋግ በሽታን የሚቋቋመው ስንዴ የትኛው እንደሆነ ሲጠየቅ መዝገብ አይገልጥም፤ በካርዶቹ ቀዳዳ ቀጭን ዘንግ አሳልፎ ብድግ ያደርጋል፤ የተፈለጉት ይወድቃሉ፣ የቀሩት ተንጠልጥለው ይቀራሉ። «ስንዴ በዚህ ከተገኘ ሰው የማይገኝበት ምክንያት ምንድን ነው?» አለች አንድ ቀን ለራሷ፤ በማግስቱ የእናቷን ወስፌ በቦርሳዋ ይዛ ሥራ ገባች።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ወልደአማኑኤል ደግ ሰው ናቸው፤ ክፋታቸው አለመቸኮላቸው ብቻ ነው። ወስፌውን አይተው ሳቁ።

«የሺ፣ እዚህ እኮ ሞሰብ አይሰፋም።»

«ፋይል ልለቅምበት ነው።»

«ተይ ልጄ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እኛ ቤት የገባ እንቁላል ግን ከመሄዱ በፊት ይገማል» አለቻቸው።

ሳቁና ፈቀዱላት። የመንግሥት ሰዓት እንዳትነካ ግን አስጠነቀቋት።

አልነካችም። የምሳ ሰዓቷንና ቅዳሜዋን ሰጠችው። ያረጁ የፋይል ሽፋኖችን በመቀስ እየቆረጠች ካርድ አደረገቻቸው፤ ጠርዛቸውን ዙሪያውን በቢሮው መብሻ በሳቻቸው። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ትርጉም ሰጠችው፤ ይኼ ቀበሌው ያረጋገጠለት፣ ይኼ ልኬት የቀረው፣ ይኼ ፊርማ ብቻ የሚጠብቅ። ፋይሉ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ የዚያን ቀዳዳ አፍ እስከ ካርዱ ጠርዝ በመቀስ ትከፍተዋለች። ከዚያ ወስፌውን በዚያ ቀዳዳ አሳልፎ ካርዶቹን ማንሳት ነው፤ አፋቸው የተከፈተው ዱብ ዱብ ይላሉ። ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ ፋይል በስድስት ወር ውስጥ እንዲህ አንድ በአንድ አለፈ። ጣቷ ቆሰለ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰው «ወይዘሪት ወስፌ» የሚል ስም አወጣላት። እሷ ግን እቴ!

በመጋቢት መጀመሪያ አቶ ወልደአማኑኤልን ጠራቻቸው። «በቀበሌ ዜሮ ስድስት ልኬት ብቻ የቀራቸው እነማን ናቸው?» ብላ ራሷ ጠየቀች፤ ራሷም ወስፌውን አነሳች። አሥራ አራት ካርድ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። በማግስቱ ሜትራቸውን ይዘው ወጡና አሥራ አራት ቀን ይፈጅ የነበረውን በአንድ ቀን ለክተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ፈቃድ በሦስት ሳምንት መውጣት ጀመረ። ከሳጉሬ የመጣ አንድ ሰውዬ ፈቃዱ በዚህ ፍጥነት ሲደርስለት የተሳሳተ ሰው ወረቀት የሰጡት መስሎት ስሙን ሦስት ጊዜ አስነበበ።

ችግሩ የመጣው በሚያዝያ ነው። ቦታ ተሰጥቶት በስድስት ወር ውስጥ ምሰሶ ያላቆመ ሰው ቦታውን ይነጠቅና እዚያው ቀበሌ ውስጥ ተራ ለሚጠብቅ ይሰጣል የሚል መመሪያ ድሮም ነበር። ማን እንዳልሠራ የሚያውቅ ስላልነበረ ግን መመሪያው ተኝቶ ኖሯል። አሁን ቦታ የሚያድለው ኮሚቴ ስለ ካርዶቹ ሰማና ነቃ። አርብ ሊሰበሰብ ቀጠሮ ያዘ፤ ጊዜ ያለፈባቸው ሁሉ በወስፌው ተለቅመው በስብሰባው ፊት እንዲነበቡ አዘዘ። አቶ ወልደአማኑኤል ከተማውን ዞረው ባዶ የሆኑትን ቦታዎች መዝግበው አመጡላት፤ የእሷ ሥራ በየካርዱ ጥግ ያለችውን የመጨረሻዋን ቀዳዳ መክፈት ነበር።

ዝርዝሩን ስታነብ አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ቆመች። ቀበሌ ዜሮ ስድስት፣ የሺሃረግ ገብረሥላሴ፣ ከተሰጠ ስድስት ወር ከዘጠኝ ቀን፣ ምሰሶ የለውም።

ያን ቦታ አራት ዓመት ጠብቃ ነው ያገኘችው። እሷና እናቷ ወይዘሮ አሰፋች ከእህል መጋዘን ጀርባ ባለች የቀበሌ ክፍል ውስጥ አይጥ እየተከላከሉ ይኖራሉ። እንጨቱ ተገዝቷል፤ አናጢው ግን ለመንደር ምስረታ ወደ ሁሩታ ተወሰደ። ሌላ አናጢ እንዳትፈልግ፣ እላዩ ላይ ቆማ እንዳታሠራ፣ ቅዳሜዎቿን በሙሉ ካርዶቹ ወስደውባታል። በዚያ ላይ በቀበሌ ዜሮ ስድስት ቀጣዩ ተራ የማን እንደሆነ ታውቃለች። የሀሰኖ ነው።

ማታ እራት ላይ ለእናቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ አሰፋች ጉርሻቸውን መለሱት።

«ቤታችንን ወረቀት በላው በይኛ!»

«እማዬ...»

«አንዲት ቀዳዳ አይደለች? ተያት! ማን ያያል? ልብ አድርጊ፣ ከራስ በላይ ነፋስ ነው። እኔ በሰው ጣራ ሥር ልሙትልሽ?»

እናቷ የጠየቋት ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ዝናብ የማያስገባ ጣራ ነው።

ሐሙስ ዕለት አቶ ወልደአማኑኤልም በሩን ዘግተው ቀረቧት። «ያንቺን ካርድ ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ አስገቢው። የምሰሶውን ጉድጓድ ነገ ታስቆፍሪያለሽ። እኔም ቦታሽን ያየሁት ከተቆፈረ በኋላ ነው እላለሁ።»

«እርስዎ ለእኔ አንድ ካርድ ከደበቁ» አለች፣ «ነገ የማር እንስራ ይዞ የሚመጣውን ሰው ምን ብለን እንመልሰዋለን? ያን ጊዜ ወስፌው ለሞሰብ ይሁን።»

መቀሱን አነሳች። የራሷን ካርድ ጥግ ቆረጠችው። ሽማግሌው በሩን ከፍተው ወጡ።

አርብ አዳራሹ ሞላ። ባለተራዎች ከኋላ ቆመዋል፤ ሀሰኖም በመካከላቸው ነበር። የሺሃረግ ካርዶቹን አስተካክላ ወስፌውን በጥጉ ቀዳዳ አሳለፈችና ብድግ አደረገች። ሃያ ሦስት ወደቁ። ባነሳቻቸው ተራ ማንበብ ጀመረች። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ድምጿን ከፍም ዝቅም አላደረገችውም።

«ቀበሌ ዜሮ ስድስት፣ የሺሃረግ ገብረሥላሴ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሞክሼዋ መስሎት ነው።

«እኔ ነኝ» አለች፤ ቀጠለችም።

አሥራ አራተኛው ሀብተ ማርያም የሚባል ነጋዴ፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር የጓድ ኃይለመስቀል ታናሽ ወንድም ነበር። ሊቀመንበሩ እጃቸውን አነሱ።

«ይኼኛው ለብቻው ይታያል። በቂ ምክንያት አለው፤ አናጢው ለመንደር ምስረታ ሄዶበታል።»

«የእኔም አናጢ እዚያው ነው ያለው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች የሺሃረግ። «የሁለታችንም ለብቻው ይታይ ወይስ የሁለታችንም ይነበብ?»

ከኋላ የቆሙት ሰዎች አንገታቸውን ወደፊት ሰገግ አደረጉ። ጓድ ኃይለመስቀል ወደ እነሱ አዩ፤ ወደ ካርዶቹ አዩ፤ እጃቸውን አወረዱ።

«ይነበብ» አሉ።

ሃያ ሦስቱም ተነበቡ፤ ሃያ ሦስቱም ቦታዎች በዚያው ቀን ለባለተራ ተሰጡ። የሺሃረግ መዝገብ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና አለቀሰች፤ ምን ይደበቃል! ስታበቃ ፊቷን ታጠበችና አዲስ ካርድ ቆርጣ የራሷን ስም ጻፈችበት፤ ከተራ ጠባቂዎቹ መጨረሻ፣ መቶ ስልሳ ሦስተኛ ላይ አስቀመጠችው። ወይዘሮ አሰፋች ሁለት ቀን አላናገሯትም። በሦስተኛው ቀን «ሥራ ይረፍድብሻል» ብለው ቀሰቀሷት።

የሀሰኖ የግንባታ ፈቃድ በአሥራ ዘጠኝ ቀን አለቀ። ሰኞ ጠዋት ሲመጣ አልሳቀም። ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ፊት ቆመ።

«ልጄ፣ ይኼን ወረቀት እንዴት አድርጌ ልቀበል? የእናትሽን ቤት እኮ ነው የምትሰጪኝ።»

«ቤት አልነበረም፣ ጋሽ ሀሰኖ። ቦታ ነው። እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

ፈረመ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ያዘው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አላህ ይስጥሽ። ወላሂ፣ ቤቱ ባለቀ ቀን መጀመሪያ የምትገቡት አንቺና እናትሽ ናችሁ።»

«እሱን ሲያልቅ ያወሩልኛል» አለችው። «ስድስት ወር አለዎት፤ ክረምቱም መጣ። አንድ ቀን ቢያሳልፉ እርስዎንም እጥልዎታለሁ።»

ሀሰኖ ቀልድ መሆኑን ሊያይ ፊቷን ተመለከተ። ቀልድ አልነበረም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ በዚያ ቀን ሱቁን አልከፈተም፤ በቀጥታ አናጢ ፍለጋ ሄደ።