ወር በገባ በስምንት

ለሦስተኛ ጊዜ ሲጨበጨብ ሊንዳልቫ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች፤ ተመልሳ ቁጭ አለች። የግቢው በር የብረት ፍርግርግ ነው፣ ደወል የለውም፤ በብራዚሏ ከተማ በካሩዋሩ ዳርቻ፣ በዚህ ሰፈር ሰው የሚጣራው በጭብጨባ ነው። ማን እንደመጣም በአጨባጨቡ ይታወቃል። ይኼ ያለ ፋታ የሚንጣጣው የጎረቤቷ የጃንዲራ ነው። ጃንዲራን አልፈራችም። የፈራችው ቀስ ብለው የሚሰሙ ሁለት ጭብጨባዎችን ነው፤ የኤዲላኔን። የክርስትና ልጇ ዛሬ ወይ ነገ መምጣቷ አይቀርም። ስትመጣ ስለ እናቷ ማውራቷም አይቀርም።

ጃንዲራ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የምትመለስ ሴት አይደለችም። ምን ይደረግ፣ ቀኑ ነዋ! ወር በገባ በስምንት ሊንዳልቫ በሯን ዘግታ አታውቅም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽቶ፣ ዲዮድራንት፣ የከንፈር ቀለምና የሕፃን ቅባት በካታሎግ ስትሸጥ ኖራለች። ቀጣሪ የላትም፣ ደመወዝ የላትም፤ ያላት ስሟና ካርዷ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ገንዘቡን በእጅ ይሰጧታል ወይ በስልክ ይልኩላታል፤ እሷ የሁሉንም ትእዛዝ ሰብስባ ለኩባንያው በራሷ ክሬዲት ካርድ ትከፍላለች። ካርዱ ከየግዢው ከመቶ ሁለት ይመልስላታል። እሱን "ተመላሼ" ትለዋለች። ማቀዝቀዣዋ የተገዛው በተመላሽ ነው፤ የሳሎኗ ጣሪያ የታደሰውም እንዲሁ።

ሂሳቡ በየወሩ በሰባት ይዘጋል። በሰባት የተገዛ ነገር በዐሥር ቀን ውስጥ ክፈሉ ይባላል፤ በስምንት የተገዛ ግን እስከሚቀጥለው ወር ዐሥራ ሰባት ድረስ ጠያቂ የለውም። አርባ ቀን ማለት ነው። ለእንጀራዋ በሰው ኪስ ለምትተማመን ሴት አርባ ቀን ቀላል ነገር አይደለም። አንዷ ደንበኛ ብታዘገይባት፣ አንዷ ብትታመምባት፣ አንዷ ባሏ ሥራ ቢፈታባት እንኳ እሷ አንድም ቀን ዘግይታ አታውቅም። የሰፈሩ ግማሽ ስሙ በባንክ ቆሽሾ ካርድ ሲከለከል የሊንዳልቫ ስም እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነው። ሴቶቹም ይህን ስለሚያውቁ የሚያምራቸውን ሁሉ እስከ ስምንት ያሳድሩታል።

በመጨረሻ ወጥታ ከፈተች። ጃንዲራ ገብታ እጇን ይዛ አለቀሰችላት፤ ወዲያው ደግሞ ዐይኗን ጠርጋ ለሁለት ዲዮድራንትና ለአንድ ሻምፑ ገንዘቡን አስጨበጠቻት። መንገዱ ሁሉ ስላንቺ ነው የሚያወራው አለቻት። ዛሬ ወንድም ለወንድሙ በማያደርግበት ዘመን ለጎረቤት የሬሳ ሣጥን የሚገዛ ማን አለ? ክሬውዛ ቀኗ ደርሶ ነው፤ አንቺ ግን የድርሻሽን አድርገሻል።  ሊንዳልቫ ገንዘቡን ሳትቆጥር ጠረጴዛው ላይ ጣለችው፤ እንዲህ ስታደርግ ጃንዲራ አይታት ስለማታውቅ ከንፈሯን መጠጠችና ሄደች።

ክሬውዛ የኤዲላኔ እናት ነበረች፤ ለሊንዳልቫ አበልጇ። ሊንዳልቫ ወልዳ አታውቅም። የክሬውዛን ልጅ በጥምቀቷ ቀን የታቀፈችው እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች በመሐላቸው ግድግዳ ያለ አይመስልም ነበር። ጠዋት የበቆሎ ኩስኩሱ የበሰለበት ቤት የሁለቱም ቤት ነው። ክሬውዛ ከሁሉም ሴቶች በላይ ሊንዳልቫ ላይ ታላግጥ ነበር። "አንቺ እኮ ገነት በር ላይ ብትደርሺ ቅዱስ ጴጥሮስን ተመላሽ አለው ወይ ብለሽ ነው የምትጠይቂው" ትላታለች። ሊንዳልቫም በሳቅ ትፈርሳለች።

ባለፈው ወር በሃያ ዘጠኝ ክሬውዛ መጣች፤ የዚያን ቀን ግን አላላገጠችም። የጤና ጣቢያው ሐኪም የጭንቅላት ሲቲ ስካን አዞላታል። በመንግሥት ተራ ከተጠበቀ አምስት ወር ነው፤ በግል ስድስት መቶ ሰማንያ ሬያል። ባሏ አማሮ ከሥራ ከወጣ ሰንብቷል፤ የእሷም ስም ከቆሸሸ ሦስት ዓመቱ ነው።

"አበልጄ፣ በካርድሽ ክፈዪልኝና ለስድስት ወር ከፋፍዪው" አለቻት። "በየወሩ በእጅሽ አስቆጥርሻለሁ።"

"ታውቂኝ የለ፣ ይህን ለመጠየቅ ነው እንዲህ ፊትሽ የጠቆረው?" አለች ሊንዳልቫ። "ግን ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ነው እኮ። እስከ ስምንት ጠብቂ።"

"ራሴን እያመመኝ ነው።"

"ራስሽን ሲያምሽ መች ዛሬ ጀመረ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በስምንት ጠዋት አብረን እንሄዳለን፣ ታክሲውንም እኔ እከፍላለሁ።"

ክሬውዛ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ ፈገግ ብላ ያልሽው ይሁን፣ ካርዱ ያንቺ አለችና ወጣች። በቃ፣ ይኸው ነው። ክፉ ቃል አልተነጋገሩም፤ አልተቀያየሙም። ሊንዳልቫ እንዲያውም ደግ ሥራ የሠራች መስሏት ተኝታ አደረች። ይኸው ዛሬ የማትረሳው ያንን እንቅልፍ ነው።

ወር በገባ በሦስት ክሬውዛ ልብስ ስታጥብ ገንዳው ላይ ተደፋች። በማግሥቱ በሆስፒታሉ ኮሪደር፣ አልጋ እንኳ ሳይገኝላት፣ አረፈች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የጭንቅላቷ የደም ሥር ፈንድቶ ነው አላቸው። ኤዲላኔ ቀደም ብሎ ታይቶ ቢሆንስ ብላ ስትጠይቀው መሬት መሬት አየ። "ታይቶ ቢሆን አንድ ነገር ይደረግ ነበር" አለ። ሊንዳልቫ ከኤዲላኔ ጀርባ ነበረች። ቃሉን አንድ በአንድ ሰምታዋለች።

ከዚያ ወጥታ የቀብር ዕቃ የሚሸጡት ዘንድ ብቻዋን ሄደች። ሣጥኑ፣ አበባው፣ መኪናው፣ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሬያል ነው አሏት። ካርዷን አውጥታ ሰጠች። ቀኑ አራት ነበር። ሂሳቡ ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶት፣ እሷም አንዴ እንኳ ቀን ሳትቆጥር! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ አይደል? በማግሥቱ አፈር ሲመለስ ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። እንኳን ደስ አለዎት ይላል መልእክቱ፤ አርባ ስምንት ሬያል ተመላሽ ገብቶልዎታል። ሊንዳልቫ መቃብሩ አፍ ላይ አፈሩ ውስጥ ቁጭ አለች። ሰዎቹ ደግፈው አነሷት። እንዴት ትወዳት ነበር አሉ።

ይህን ስታስብ ነው ሁለቱን ቀስ ያሉ ጭብጨባዎች የሰማችው። በሩን ሳትዘጋው ኖሯል፤ ኤዲላኔ ገብታ ሳሎኑ ደፍ ላይ ቆማለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጂንስ በሚሰፋበት ቤት ትሠራለች፤ የጣቶቿ ጫፍ ከጨርቁ ቀለም ሰማያዊ እንደሆነ ነው። ጥቁሩ ልብሷ የእናቷ ነው፤ ትከሻው ላይ ሰፍቷታል።

"የክርስትና እናቴ፣ ይመርቁኝ።"

"እግዜር ይባርክሽ ልጄ። ግቢ።"

ተቃቅፈው አለቀሱ። ሲበቃቸው ኤዲላኔ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠችና የሳምንት ደመወዟን ሁለት መቶ ሬያል ከደረቷ አውጥታ አስቀመጠች። ለሣጥኑ መጀመሪያ ይሁን፣ የቀረውን ደግሞ ቀስ ብዬ እከፍላለሁ አለች። ሊንዳልቫ ገንዘቡን መልሳ ገፋችው። ኤዲላኔ ደግሞ ወደሷ ገፋችው። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነ።

"ሌላም ነገር ልለምንዎት ነው የመጣሁት" አለች ኤዲላኔ። "ከነገ ወዲያ የሰባተኛው ቀን ቅዳሴ ነው። ፊት ወንበር ላይ ከእኛ ጋር ይቀመጡልን። በእናቴ ቦታ። ከእንግዲህ እናት ብዬ የምጠራው ሌላ ሰው የለኝም።"

ሊንዳልቫ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።  ዕድሜ ልኳን የተመኘችውን ቃል ነው የሰማችው፤ የሰማችው ግን ዛሬ ነው፣ በዚህ ምክንያት ነው።

"እናቴ ሁሉን ነግራኛለች" አለች ኤዲላኔ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ለምርመራው እርስዎን ጠይቃ እንደነበረ። ያን ለታ ማታ ምነው ቶሎ አላደረገችልሽም ብዬ ስጮህባት ተቆጣችኝ። 'የአበልጄ ካርድ ሞልቷል፣ ከየት ታምጣው? እንዳትቀየሚያት' አለችኝ። እኔ ደግሞ በልቤ ተቀይሜዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ካርድዎ ሞልቶ ሳለ ሣጥኑን ከየት አምጥተው እንደከፈሉ እግዜር ነው የሚያውቀው። አባቴ ከሰው ተበድራ ነው ይላል። ባሰበው ቁጥር ያለቅሳል።"

ሊንዳልቫ ከፊት ለፊቷ ያለውን ገንዘብ አየች። ሞልቷል? ክሬውዛ ካርዱ እንዳልሞላ ታውቃለች። የሊንዳልቫን ስልክ ከፍታ የቀረውን ገንዘብ የምታነብላት እኮ እሷው ነበረች፤ ለሊንዳልቫ መነጽር አልስማማ እያላት። የዚያን ቀን ሦስት ሺህ ሬያል ቦታ ነበረው። ክሬውዛ ራሷን እየፈለጣት፣ ልጇ ፊቷ ቆማ እየጮኸች፣ አበልጇ እንዳትጠላባት ብላ ዋሸች። ወይኔ ክሬውዛ! ይህን ለማን ብለሽ ነው?

ዝም ማለት ይበቃ ነበር። አዎ ማለት እንኳ አያስፈልግም፤ አንገት መድፋት ብቻ። ሟቿ ራሷ የከደነችውን ማን ይከፍተዋል? ልጂቱ እናት ታገኛለች፤ እሷም ልጅ ታገኛለች፤ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ መንገዱም ሁሉ ሲመርቃት ይኖራል። ሊንዳልቫ ይህን ሁሉ አሰበችው፤ አላሰብኩትም ብትል ውሸቷን ነው። ከንፈሯ ደርቆ ምላሷን አወጣችና አራሰችው።

"ካርዱ አልሞላም ነበር" አለች።

ኤዲላኔ ቀና አለች። "እናቴ ናት እኮ ያለችኝ።"

"አውቃለሁ። ለእኔ ብላ ነው የዋሸችሽ። ከማንም አልተበደርኩም ልጄ፤ የሣጥኑ ገንዘብ የወጣው ከዚያው ካርድ ነው። ያን ለታም ቦታ ነበረው።"

"ታዲያ ለምን?"

ሊንዳልቫ ነገረቻት። ሃያ ዘጠኝ እንደነበረ፣ በሰባት እንደሚዘጋ፣ ክሬውዛ ራሴን እያመመኝ ነው እንዳለቻት፣ እሷም ምን ብላ እንደመለሰችላት። ተረቱን እንኳ አላስቀረችም።  ኤዲላኔ ሳታቋርጣት ሰማች። እያደር ፊቷ እየተለወጠ ሄደ፤ እንደ ልጅ ሆኖ የመጣው ፊት የማታውቀው ሰው ፊት ሆነባት።

ውጭ አንዲት ደንበኛ አጨበጨበች። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ሴትዮዋ ጥቂት ጠብቃ ሄደች።

"እስከ ስምንት ብትጠብቅ" አለች ኤዲላኔ በመጨረሻ፣ "ምን ይገኝ ነበር?"

ሊንዳልቫ ሰበብ አልፈለገችም። ዐይኗንም ከልጂቱ ላይ አላነሳችም።

"የመጀመሪያው ወር ክፍያ፣ መቶ ዐሥራ ሦስት ሬያል፣ አንድ ወር ይዘገይልን ነበር" አለቻት። "ሌላ ምንም።"