የአኒካ ቤት እራት

«ብዙ ወረቀት ገለጥሽ» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ወጡን ማማሰላቸውን ሳያቋርጡ።

ሠርካለም የገለጠችውን ገጽ በእጇ ያዘች። እናቷ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ወረቀት ሲገለጥ ግን ይሰማሉ።

ከቀትር ጀምሮ መጽሐፏን ወደ አማርኛ እየመለሰች ስታነብላቸው ቆይታለች። የራሷ ታሪክ ነው፤ ስዊድን አገር ኡፕሳላ ከተማ አድጋ በስዊድንኛ ስለ ራስ አለማውራትን የተማረች፣ ሲያትል ስትመጣ ደግሞ ሥራ በጠየቀች ቁጥር በእንግሊዝኛ ስለ ራሷ ካላወራች የማይሆንላት ሴት ታሪክ። እዚሁ ሲያትል የሬኒየር ቫሊ ሰፈር ሐበሻ ወዳጆቻቸው ስለ መጽሐፉ ሲሰሙ «ሐበሻውስ የት ገባ?» ብለው ነበር። ወይዘሮ ጥሩነሽ «እኔ አለሁበት» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ገባቸው፤ እሳቸው ያልወደዱት እንዳይታተም ልጃቸውን ቃል አስገቡ። አሳታሚዋ ካሪን የታረመውን ረቂቅ ለመውሰድ ዛሬ አመሻሽ ላይ ከባላርድ ሰፈር ትመጣለች።

«የዘለልኩት ስለ አኒካ ቤት የሚያወራውን ነው» አለች ሠርካለም።

«አኒካን አውቃት የለ? አንብቢው።»

አነበበችው። ኡፕሳላ ልጅ ሳለች፣ ሐሙስ ሐሙስ እናቷ ሆስፒታል ለማጽዳት የምሽት ፈረቃ ሲገቡ እሷ ከትምህርት ቤት የክፍል ጓደኛዋ አኒካ ቤት ትሄዳለች። እራት ሲደርስ የአኒካ እናት ልጇን ትጠራለች። አኒካ «እዚህ ጠብቂኝ» ብላ ትወጣለች፤ እንግዳዋ ልጅ እነሱ በልተው እስኪጨርሱ መኝታ ክፍል ከአሻንጉሊቶቹ ጋር ትቀመጣለች። ማንም ክፉ አልሆነባትም። የሌላ ሰው ልጅ እራቷ ቤቷ ይጠብቃታል፤ ሳያስፈቅዱ ማብላት የእናቷን እራት መሻማት ነው፤ የአገሩ ደንብ ነው።

ማማሰያው ቆመ።

«ቆይ። በላሁ ትይኝ አልነበረም? ከሥራ ስመለስ ጠገብኩ ብለሽ ትተኚ አልነበረም?»

«እውነቱን ብነግርሽ ሁለተኛ አትልኪኝም ነበር። ከአኒካ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ምድጃውን ቀነሱና ወንበር ስበው ተቀመጡ። በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ ድፎ ዳቦ ይጋግሩ ነበር። ልጄን የሚያበላ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ብለው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ያሲዟት ነበር።

«ዳቦውስ?»

«በሉት። ጥሩ ዳቦ ነው ሲሉ ይሰማኝ ነበር።»

«አንቺ ክፍል ውስጥ ሆነሽ።»

«አዎ።»

ሠርካለም ቀዩን እስክሪብቶ አነሳች። «አወጣዋለሁ፣ እማዬ። ቃል ገብቼልሻለሁ።»

«ዳቦው ተጽፏል?»

«አልጻፍኩትም። እንዳይስቁብሽ ብዬ።»

«ሶ» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ፤ እንግሊዝኛ ባያነቡም ይቺ ‹እንግዲያው› የምትል ቃል ከገባቻቸው ቆይታለች። «በመጽሐፉ እኔ ልጄን ባዶ እጇን የሰው ቤት የምልክ ሴት ነኝ።»

በሩ ተንኳኳ። ካሪን ነበረች። የዝናብ ካፖርቷን አራገፈች፣ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ በካልሲ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ሳህን መቅረቡን ስታይ ወደ ሶፋው አፈገፈገች።

«እናንተ ብሉ» አለች፣ ከአያቶቿ በወረሰችው ስዊድንኛ። «እኔ በልቻለሁ። እዚህ ሆኜ እጠብቃለሁ።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ይህን ስዊድንኛ አሳምረው ይሰማሉ። «በልቻለሁ» የሚለውንም ቃል ስንት ሐሙስ አምነው ተኝተዋል። ተነሡ። ሦስተኛ ሳህን አወጡ፣ ወንበር ሳቡ፣ የካሪንን ክንድ ይዘው አመጡና አስቀመጧት። ካሪን በካልሲዋ እንደሆነች ተቀመጠች።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አታውጪው። ዳቦውን ጨምሪበት። ጥቁር አዝሙድ እንደነበረበትም ጻፊ።»

ሠርካለም ረቂቁን ስባ ኅዳጉ ላይ መጻፍ ጀመረች። አንድ መስመር ሳትጨርስ እናቷ እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰዱት።

«መጀመሪያ ብዪ» አሉ።