ፉርና ወደብ ላይ የታገደችው መርከብ

ብቸኛዋ የሰው ማመላለሻ መርከባችን ለጥገና ሄዳ ትመለሳለች ሲባል ብራቫ ደሴት ላይ ያመነ ሰው አልነበረም። ከእሷ በፊት የነበረችውም ለጥገና ብላ እንደወጣች ቀርታለች። ያኔ ቶርካቶ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ሆዱን ይዞ ፉርና ወደብ ላይ ሲያቃስት ውሎ፣ ሆስፒታል ያለባትን የፎጎን ደሴት በዓይኑ እያየ ሞተ። ሚስቱ ዙልሚራ ያን ቀን አላለቀሰችም። እኛ ግን ፈራናት።

መርከቧ የምትወጣበት ጠዋት ዙልሚራ የዓሣ ሳፋዋን ደጃፏ ላይ ደፍታ በየቤታችን እየዞረች ቀሰቀሰችን። ጀልባዎቻችንን የወደቡ አፍ ላይ ደርድረን እርስ በርስ በገመድ አሰርናቸው። የእኔ መሀል ላይ ነበረች፤ በስተቀኜ የቤልሚሮ፣ በስተግራዬ የናሲሜንቶ።

«ማንም ቢለምናችሁ እንዳትፈቱ!» አለች ዙልሚራ ድንጋይ ላይ ቆማ። «እኔ ራሴ ብለምናችሁም! ማሉልኝ!»

ማልንላት።

ከንቲባው ኤውዤኒዮ ከላይኛው ከተማ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ።

«ዙልሚራ፣ እባክሽ! ማዘጋጃ ቤቱን ልታስከስሺው ነው?»

«መርከብ የሌለው ማዘጋጃ ቤት ምኑ ይከሰሳል?» አለችው። «ሪባን መቁረጡንማ ለምደውታል፤ ዛሬ ደግሞ ይምጡና ገመድ ይያዙልን!»

ወደቡ በሳቅ ፈነዳ። ካፒቴኑ ከመርከቧ ላይ ጮኸ፦ «ነፋሱ እየበረታ ነው! አሁን ካልወጣሁ ዛሬ አልወጣም!»

«አንተ ሰውዬ፣ እኛስ ምን አልን?» አለ ናሲሜንቶ።

ሳቁ ሳያባራ አንዲት ፒክአፕ ጥሩምባዋን እያንባረቀች ቁልቁለቱን ወረደች። ከኋላ ፍራሽ ላይ የተኛችው የቤልሚሮ ሚስት ኢዳሊና ነበረች፤ ዙልሚራ ናት ክርስትና ያነሳቻት። የጤና ጣቢያችን ዶክተር ዘሎ ወረደ።

«ልጁ አግድም ነው ያለው። ፎጎ ሄዳ ኦፕራሲዮን ካልሆነች ሁለቱም አይተርፉም፤ እዚህ ደግሞ ልሠራው አልችልም።»

ቤልሚሮ ቢላውን መዝዞ ገመዱን ይገዘግዝ ጀመር። ናሲሜንቶ በእኔ ጀልባ ላይ ተሻግሮ እጁን ያዘው።

«ቆይ! ይቺ ከወጣች አትመለስም። የእኔስ እናት? የእኔስ ልጆች?»

«ልቀቀኝ።»

«መሐላ አለብን፣ ቤልሚሮ!»

«ልቀቀኝ አልኩህ፣ እወጋሃለሁ!»

ቢላው ተነሣ። መሀላቸው ገባሁ፤ ጀልባዋ ከእግራችን ሥር ተናወጠች፣ ስለቱም ክንዴን ጫር አድርጎኝ አለፈ። ያን ጊዜ ሁሉም ዓይን ወደ ዙልሚራ ዞረ።

ከድንጋዩ ወረደች። የፍራሹን ጫፍ ይዛ ኢዳሊናን ከዶክተሩ ጋር ወደ መርከቧ አስገባችና እዚያው ወለሉ ላይ ዘርፈጥ አለች።

«ፍቱት!» ብላ ጮኸች። «እኔ አብሬያት እሄዳለሁ። ብራቫ መርከብ እስካላገኘች ድረስ ከዚህች ላይ አልወርድም። የሚከተለኝ ይምጣ!»

መጀመሪያ የተከተላት ናሲሜንቶ ነው። ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ጀልባዎቹን ወደ ዳር ጎትተን እኛም። ካፒቴኑ «ፖሊስ እጠራለሁ!» ሲል፣ «ፖሊሳችን እኮ ቀድሞን ተሳፍሯል» አለው አንዱ። ከንቲባው ጫማውን አየ፣ ባሕሩን አየ፤ ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ተሳፈረ።

ባሕሩ አልማረንም። ግማሻችን እያስታወክን፣ ግማሻችን እየጸለይን ተሻገርን። ኢዳሊና ማዕበሉ በመታን ቁጥር ትጮኻለች፤ እጇ ከዙልሚራ እጅ አልተላቀቀም። ፎጎ ስንደርስ አምቡላንስ ቆሞ ጠበቀን።

«ክርስትና እናቴ፣ አትተዪኝ» አለች ኢዳሊና።

ዙልሚራ ከወረደች ሌላውም ተከትሏት እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። የኢዳሊናን ጣቶች አንድ በአንድ ፈልቅቃ ለቤልሚሮ አስረከበቻት። አምቡላንሱ ሲሄድ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

የመርከቧ ኩባንያ ሰዎች መጡ። መጀመሪያ ለመኑን፣ ቀጥለው ዛቱብን፣ በመጨረሻ ውሃ ዘጉብን። የፎጎ ሰዎች ዳቦና የበቆሎ ንፍሮ በገመድ አቀበሉን። ዙልሚራ ግን አልቀመሰችም። ከንቲባው ስልኩ ላይ ሲጮህ ሰማነው፦ «እኔም ከሕዝቤ ጋር እዚሁ ነኝ! ኑና አውርዱኝ!» እንዲህ ሲናገር ሰምተነው አናውቅም።

በማግስቱ ቤልሚሮ መጣ። አይሮጥም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው፤ ክፉ ነገር ጠረጠርን።

«ሴት ናት» አለ። «ደህና ናት።»

«ኢዳሊናስ?» አለች ዙልሚራ።

«ብዙ ደም ፈሷታል። ግን ነቅታለች።»

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ኩባንያው ተረታ፦ ጥገናው እስኪያልቅ ሌላ መርከብ ይተካል ተባለ። ተተኪዋ መጥታ አጠገባችን ስትታሰር አየንና ወረድን። አሮጌ ናት፣ ናፍጣ ናፍጣ ትሸታለች፤ ግን ሄዳ ትመለሳለች።

ዙልሚራ ከእኛ ጋር አልተመለሰችም፤ ሆስፒታል ሄደች። የሆነውን የነገረኝ ቤልሚሮ ነው። ኢዳሊና ገና ስታያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እጄን ለቀቅሽው።»

«አዎ፣ ለቀቅሁት» አለች ዙልሚራ። ምክንያት አልደረደረችም። ሕፃኗ ማልቀስ ስትጀምር አንስታ አቀፈቻት።

ኢዳሊና ፊቷን ከግድግዳው ሳታዞር፣ «አንገቷን ደገፍ አድርጊያት» አለቻት።