የሐፊሩ ዳር ዝንቦች

“ከሐፊሩ ዳር ማን ነው ያስነሳችሁ?”

ሙሚና ይህን ስትጠይቃት፣ አየሁሽ የምትባለው የመንደሩ ሴት ማን የሚለውን ዘልላ፣ “ዝንቡን ፈርተን ነው” አለች። ማን እንደሆነ ሳታውቀው ቀርታ አይደለም።

ሁለቱም በዶዘር ከተቆፈረው ኩሬ፣ አገሬው ሐፊር ከሚለው፣ ጭቃ አጠገብ ቁጢጥ ብለዋል። ሚያዝያ ነውና ውሃው ወደ መሃል ሸሽቷል። ለቆት የሄደው ጭቃ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች እንደ ተደፋ ኑግ ተበትነዋል። ሙሚና ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ወጣት ናት። የአየሁሽ ጎረቤት ማሩ በመጋቢት በካላዛር በሽታ ከሞተ ወዲህ መጥታ ዝንብ ስትለቅም ሳምንቷ ነው። በእጇ ሁለት ብልቃጥ ይዛለች።

“የፈራችኋት ይቺን ነው አይደል?” አንደኛውን አቀረበችላት።

“እሷን ነው። ይሄን ሁሉ እያየሁ እንዴት ልጅ አስተኛለሁ?”

“እሷ እኮ አትናከስም፤ አፏ ለዚያ አልተሠራም። ጭቃው ላይ ያለውን አረንጓዴ ዝልግልግ እየላሰች ነው የምትኖር። የውሃ ዳር ዝንብ ይባላሉ። ከዚህ ሐፊር ብቻ አሥራ አንድ ዓይነት ለቅሜያለሁ። ከብት የረገጠው እበት ውስጥ የሚያድግ አለ፣ የሣር ቅጠል ውስጥ ገብቶ የሚቦረቡር አለ። ይቺን ደግሞ ይዩልኝ።”

አጉሊ መስታወት ሰጠቻት። የዝንቧ የፊት እግር እንደ ማጭድ ታጥፏል።

“አዳኝ ናት። የወባ ትንኝ እጭ ሳይቀር ትበላለች።”

“ወይ ጉድ! ዘበኛችንን ነዋ የሸሸናት?” አየሁሽ ልትስቅ ሞከረች። ሙሚና አልሳቀችም። ሁለተኛውን ብልቃጥ ሰጠቻት። ውስጡ ያለችው ገርጣ ያለች፣ ፀጉራም፣ ክንፏን ሽቅብ ያቆመች፣ ከዓይን የምትሰወር ነገር ናት።

“ካላዛር የምታመጣዋ ይቺ ናት፤ የአሸዋ ዝንብ። ድምፅ እንኳ የላትም። ቀን በጥቁሩ የዋልካ አፈር ስንጥቅ ውስጥ ትደበቅና ሲመሽ ወጥታ ትነክሳለች። የያዝኳት አሁን ካላችሁበት ከግራሩ ሥር ነው። እዚህ ሦስት ቀን ወጥመድ ዘርግቼ አንድም አላገኘሁ።”

አየሁሽ ብልቃጡን መለሰችላት። 

ከሐፊሩ ዳር ስድስቱን ቤት አስነስታ ግራሩ ሥር ያሰፈረች እሷ ናት። አምና በጥር፣ የጎልማሶች ትምህርት በምትማርበት ክፍል ግድግዳ ላይ ስለ ካላዛር የተለጠፈ ሥዕል ነበር። ዝንቧ የእጅ መዳፍ ታክላለች። ከሥሯ የተጻፈውን “በሽታ አስተላላፊ ዝንብ” የሚለውን አንድ በአንድ ለቅማ አነበበች። የዚያኑ ዕለት ሐፊሩ ዳር ሄዳ አየች፤ ክንፉም እግሩም ያው መሰላት። ከሴቶቹ ፊደል የቆጠረች እሷ ብቻ ነበረችና አመኗት። እምቢ ያለው ማሩ ነው። “ለዝንብ ብዬ ቤቴን አላፈርስም” ብሎ ሳቀባት። ሚስቱ አሰፋች የልጇ የስርጉት የክርስትና እናት ናት። አየሁሽ እሱንም እሷንም ሦስት ቀን ለምና አስነሳቻቸው።

ቤቷ ስትደርስ ባሏ ደረበ ደጃፉ ላይ የመጥረቢያ እጀታ ይጠርባል። የሰማችውን ሁሉ ነገረችው።

“ለማን ተናገርሽ?”

“ለማንም።”

“እንግዲያው አትናገሪ። ክረምት ሲገባ ሐፊሩ ሞላ ብለን ቀስ ብለን ወደዚያው እንመለሳለን።”

“እስከ ክረምትስ? የአሰፋች ልጅ ሮዳስ ገና ሁለት ዓመቷ ነው። መሬት ላይ ነው የምትተኛ።”

“አንቺ ሴት! ማሩን ማን ገደለው ቢሉሽ ምን ልትያቸው ነው? እኔ ከዚህ ሰው ጋር ነው የምኖር!”

አየሁሽ ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች።

አሰፋች የሐዘን ጥቁሯን እንደለበሰች ማሽላ ታበጥራለች። “ነይ አበልጄ! ምነው ፊትሽ? ያ ሰውዬ ተቆጣሽ እንዴ? መጥረቢያ ሲይዝ አንደበቱም ይሳላል መቼም።”

አየሁሽ ቆማ ነገረቻት። ለመቀመጥ ፈራች። ሰፌዱ ቆመ።

“ማሩ አልሄድም ብሎ ነበር” አለች አሰፋች።

“አዎ።”

“ሦስት ቀን ለመንሽው።”

“አዎ።”

“አውቀሽ ነው?”

“በስርጉት እምላለሁ፣ አላወቅሁም!”

“በእሷ አትማይ። የእኔም ልጅ ናት።”

አሰፋች ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች። የጠፍር አልጋዋን፣ አንገረቡን፣ ወደ ደጅ ጎትታ ላዩ ላይ ያለውን ጨርቅ መጠቅለል ጀመረች። ጀርባዋን እንደሰጠቻት፣ “ሂጂና ለሌሎቹም ንገሪ” አለች። “ቤት ለቤት። እንደዚያን ጊዜው።”

አየሁሽ ቤት ለቤት ዞረች። አንዷ ደረቷን መታች። አንዱ ሽማግሌ፣ “ፊደል ቆጥረሽ ሞተሻል!” ብለው ፊታቸውን አዞሩባት። ሌሎቹ ወደ ሐፊሩ ዳር ሊመለሱ ዕቃቸውን ማውጣት ጀመሩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አህያ እየተጫነ፣ አንገረብ በትከሻ እየተነሳ ነበር። ደረበ ግን ከደጃፉ አልተነቃነቀም። “ከእነሱ ጎን ቤት ሠርቼ ሲተፉብኝ ልኑር? አልሄድም” አለ።

አሰፋች ሮዳስን አዝላ መጣች። ደፉን አላለፈችም።

“የማሩ አንገረብ ባዶ ነው። ስርጉት ትተኛበታለች።”

“እኔስ አበልጄ?”

“አንቺን ዛሬ ማየት አልችልም። ነገም አላውቅም።”

አየሁሽ ገብታ ያላቸውን አንድ አጎበር ከጣሪያው ፈታች፤ ሐፊሩ ዳር ወባ አለ። አጥፋ ከልጅቷ ጋቢ ጋር ጠቀለለችውና አሰፋች ክንድ ላይ አኖረችው። ስርጉት የክርስትና እናቷን ቀሚስ ይዛ፣ ዞር እያለች እያየች ሄደች።

ከስድስቱ ቤት አምስቱ ወደ ሐፊሩ ወረደ። ስርጉትም ወረደች። ከግራሩ ሥር ደረበና አየሁሽ ቀሩ።